ልጄ አታስነግርም

የኔታ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት ከአምስት ዓመት በፊት ለቅቄዋለሁ ብዬ ከማስበው የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ነው። ለካ ድምፁን ዘጋሁት እንጂ አልለቀቅሁትም። መልእክቱ ሦስት መስመር ነበር፤ ሁለት የፊደል ስሕተት አለበት፤ የቀብሩን ሰዓት እንጂ የሞታቸውን ምክንያት አይናገርም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ሐዘን አልነበረም። «ማን አረጋገጠው?» የሚል ነበር። ይህን የማነሣው ራሴን ለመውቀስ አይደለም። እኒያን ሰው በሕይወት ሳሉ ያየኋቸው በዚሁ ጥያቄ በኩል ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ አንባቢም ከዚሁ ቢጀምር ትክክል ይሆናል።

ሥራዬ ማመን አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እመረምራለሁ፤ ሠንጠረዡ ከአንቀጹ ጋር የማይስማማበትን ገጽ ፈልጌ አገኛለሁ። ባልደረቦቼ እኔ ከተቀመጥሁበት የፈተና ክፍል ማንም እየሳቀ እንደማይወጣ ይናገራሉ። እኔም አላስተባብልም።

ልጄ ሜላት ዐሥር ዓመት የሞላት ሰሞን እግር ኳስ መጫወት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በዚያ ዓመት ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይህ ብቻ ነው። አባቷ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ቤት ከመሠረተ ወዲህ ሜላት በቀን የምትናገረው ዐረፍተ ነገር በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር፤ ያውም «እሺ»ን እንደ ዐረፍተ ነገር ከወሰድነው። ስለዚህ ጥያቄዋ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የምመርጥላት ቦታ የተሳሳተ ቢሆን ሁለተኛ ነገር እንደማትጠይቀኝ አውቅ ነበር።

እንደ ልማዴ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሦስት ዓምድ ነበረው፦ ክፍያ፣ አሰልጣኝ፣ የቡድን ጥራት። ከዚያም ሦስት ቡድኖችን በአካል ሄጄ አየሁ።

የመጀመሪያው ከሐይቁ ዳር መንገድ የማይርቅ አካዳሚ ነበር። ሰው ሠራሽ ሣር አለው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መለያ ይሰጣል፤ ክፍያው ከሦስቱ ሁሉ ይበልጣል። አሰልጣኙ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቀርቤ አነበብሁት። «ተሳትፏል» ይላል እንጂ «አጠናቋል» አይልም። በአንድ ሰዓት ልምምድ ውስጥ ሰውየው ስልኩን ዐሥራ አንድ ጊዜ አየ፤ ልጆቹንም በስማቸው ሳይሆን በመለያ ቁጥራቸው ይጠራቸው ነበር።

ሁለተኛው ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነበር። ክፍያው መካከለኛ፣ ዋንጫው ብዙ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በታች የተባለውን ቡድን ልምምድ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ግብ ጠባቂው ጓደኞቹን ሲቆጣ ድምፁ የጎረነነ ነው፤ ከተከላካዮቹም አንዱ ጺሙን ተላጭቶ የመጣ ይመስላል። የቡድኑን ኃላፊ ስለዚህ ልጅ ዕድሜ ብጠይቀው፣ «የገጠር ልጅ ስለሆነ ነው፣ ፀሐይ መትቶት ነው» አለኝ። ፀሐይ ጺም እንደምታበቅል ያን ቀን ተማርሁ።

ሦስተኛው የኔታ ልየው የሚያሠለጥኑት ቡድን ነበር። ቦታው ወደ ዘንዘልማ ሲወጣ፣ ጓያ የታጨደበት ማሳ ጣሪያ ካልደረሰላቸው አዳዲስ ቤቶች ጋር የሚገናኝበት ባዶ መሬት ነው። ግቦቹ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው፣ ቱታ ለብሰው በላዩ ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ በልጆቹ መካከል ቆመዋል። ፊሽካ የላቸውም። በእጃቸው የያዙት ጠዋት ከሐይቁ ዳር የተቆረጠ የደንገል ዘንግ ነው። ልጆቹ «የኔታ» ይሏቸዋል። ፊደል የሚያስቆጥር የቤተ ክህነት መምህር በሚጠራበት ስም የእግር ኳስ አሰልጣኝ ሲጠራ ሰማሁና በሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያውን የጥያቄ ምልክት አኖርሁ።

«አሰልጣኙ እርስዎ ነዎት?» አልኋቸው።

«እንዲያ ይሉኛል።»

«ፈቃድ አለዎት?»

«ባለ መሬቱ ፈቅዶልኛል።»

«የሜዳውን አይደለም፤ የአሰልጣኝነቱን ማለቴ ነው።»

«እሱስ የለኝም፣ ዶክተር።»

ዶክተር መሆኔን አልነገርኋቸውም። ማን እንደ ነገራቸው ጠየቅሁ።

«ልጅዎ ናት» አሉ፣ በደንገሉ ወደ ሜላት እያመለከቱ። «'እናቴ ዶክተር ናት፤ ሰው ግን አታክምም' አለችኝ።»

ከመኪና ከወረድን አምስት ደቂቃ አልሞላንም። ለእኔ በሳምንት የማትናገረውን ያህል ለማታውቀው ሰው ተናግራለች። ሁለተኛውን የጥያቄ ምልክት አኖርሁ።

«ክፍያው ስንት ነው?»

«የሚሆንልዎትን ያህል።»

«እንዲህ ያለ መልስ አልቀበልም። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«ቁርጥ ካሉኝ፣ በወር አንድ ቅዳሜ መጥተው ከሜዳው ላይ ድንጋይ ይለቅማሉ። ሌላው የእርስዎ ነው።»

ሳቅ ሰማሁ። ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ ድንጋይ በኬሻ ይዘው ቆመዋል። አቶ በላቸው ይባላሉ፤ ከሆሳዕና መጥተው እዚህ በፋብሪካ የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። «ይግቡ፣ ዶክተር» አሉኝ። «እኔ ወገቤን ለማየት ሐኪም ቤት ስመላለስ ኖሬ የዳንሁት እዚህ ነው።»

መረጥሁት ለማለት አልደፍርም። ሁለቱን ሰርዤ የቀረኝ እሱ ነው። ሜላት ግን ወደ መኪናው እንድትመለስ ብጠራት አልሰማችኝም። ኳስ ከእግሯ ሥር አስቀምጣ ትራመድ ነበር።

መራመድ ያልሁት በትክክል ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል እየነጠለ በዝግታ ያነብባል፤ ይህ ግእዝ ይባላል። ቀጥሎ ውርድ ንባብ ይመጣል። ፊደሉ ተያይዞ ሳይደናቀፍ መፍሰስ ሲጀምር ቁም ንባብ ይሆናል። የኔታ ልየው በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሳይጨርሱ ለኳስ ብለው የኮበለሉ ሰው ናቸው፤ በኋላም ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ተጫውተዋል። ኳስን የሚያስተምሩት በዚያው በሸሹት ሥርዓት ነበር። ግእዝ ላይ ያለ ልጅ መሮጥ አይፈቀድለትም። ኳሱን በእግሩ ውስጠኛ ጎን እየነካ፣ አንድ እርምጃ አንድ ንክኪ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይራመዳል። እሳቸው በአጠገቡ እየሄዱ ኳሱ መነካት ያለበትን ቦታ በደንገሉ ጫፍ ያመለክታሉ። «እዚህ ላይ። እዚህ ላይ። ዘለልኸው፣ ተመለስ።» አንዳንድ ልጅ ሦስት ወር ይራመዳል።

አቶ በላቸው ይህን ሲያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ኧረ የኔታ! ልጄን ከኳስ ጋር ልታጋቡት ነው እንዴ? ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው እኮ የሚሄዱት!»

«ይተዋወቁ እንጂ» አሉ የኔታ ቀና ሳይሉ። «ሳይተዋወቁ ተጋብተው ቢጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል?»

ወላጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዐረፍተ ነገሩ ለእኔ የተወረወረ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ ፊታቸው ምንም አይናገርም።

በሦስተኛው ወር በሠንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ላይ፣ የቡድን ጥራት በሚለው ላይ፣ አንድ የማይገጥም ነገር አገኘሁ። ቡድኑ ይሸነፋል። በግሽ አባዮቹ ሰባት ለባዶ ተሸነፈ፤ ከሜዳ ሲወጡ የኔታ የጠየቁት ጥያቄ «ኳስ ሳይመጣለት ቀና ብሎ ያየ ማነው?» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ብቻውን አያስጠረጥርም፤ መጥፎ አሰልጣኝ ይሸነፋል። የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። በዚያ ጨዋታ ሦስት ግብ ያገባብን ልጅ ከሜዳ ሲወጣ ሮጦ መጥቶ የየኔታን ጉልበት ሳመ። ጠየቅሁ። የእሳቸው ተማሪ የነበረ ነው። በአካዳሚው ካየኋቸው ጎበዝ ልጆችም አራቱ ከእሳቸው የሄዱ ሆነው ተገኙ። ሰውየው ጎበዝ ልጅ ባፈሩ ቁጥር ልጁ ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል ማለት ነው። ለዚህ ያለኝ ማብራሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ደላላ ናቸው።

በአንድ ረቡዕ ናሁሰናይ የሚባለውን ልጅ መሀል ሜዳ ላይ አቁመው «ሂድ» አሉት። ልጆቹ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡለት። በማግስቱ በአካዳሚው በር ሳልፍ የኔታን አየኋቸው፤ ልጁን አስገብተው ሲወጡ የተወጠረ ኬሻ ተሸክመዋል። መኪናዬን አቆምሁ።

«የኔታ፣ ኬሻው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ያልጠበቁኝ መሰለኝ። ደግሞም አልደነገጡም። ኬሻውን መሬት አውርደው አፉን ከፈቱት። የተቀደዱ፣ አየራቸው የወጣ ኳሶች።

«ይጥሏቸዋል» አሉ። «እኔ እሰፋቸዋለሁ።»

«ጎበዝ ጎበዞቹን ልጆችዎን ለምን ያስወጧቸዋል?»

«ያለኝን ጨርሰው ነዋ።»

«ከዚያ ቡድንዎ ይሸነፋል።»

«ይሸነፋል።»

«ታዲያ ለእርስዎ ትርፉ ምንድን ነው?»

«አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ድጓውን ያዘለቀውን ተማሪ 'ቅኔ እኔ ዘንድ የለም፣ እገሌ ዘንድ ሂድ' ብለው መርቀው ይሸኙት ነበር። የሌለኝን አለኝ ብዬ ልያዘው?» ኬሻውን መልሰው አሰሩት። «እርስዎስ፣ ዶክተር፣ ተማሪዎ ሲመረቅ አልለቅም ብለው ያስቀሩታል?»

መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ አላመንኋቸውም። የአካዳሚውን ኃላፊ በማግስቱ ጠየቅሁት። ለሽማግሌው ሰባራ ሳንቲም ከፍሎ እንደማያውቅ ነገረኝ። «ኃላፊው ክዷል፤ ወይም እውነት ነው» ብዬ መዘገብሁ።

ሜላት በዚህ መሀል ውርድ ላይ ደርሳለች። ቤት ውስጥ የምትናገረው ጨምሯል፤ ግን የምትናገረው ስለ ሜዳው ብቻ ነው። ማን ተሰናከለ፣ ማን አለቀሰ፣ የኔታ ምን አሉ። ታናናሾቹ ልጆች ሲቸገሩ ወደ እሷ እንደሚመጡ ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ልጄ የሌሎችን ቤት ወሬ ይዛ ስትገባ፣ የእኛን ቤት ወሬ ይዛ የምትወጣበትን በር ነበር የምፈልገው።

በሩን ያገኘሁት በሰኔ ነው። ልምምድ ሲያበቃ የኔታ ወደ እኔ መጡ።

«ሜላት ኳስ አትጠራም» አሉኝ። «ነፃ ቦታ ላይ ትቆማለች፤ 'አቀብሉኝ' አትልም። እንዳትጠራ ያደረጋት ነገር አለ?»

«ዝምተኛ ናት።»

«ዝምተኛስ አይደለችም። ሕፃናቱን ስታርም ሰምቻታለሁ።» ደንገሉን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ቤት ውስጥ ጠርታው ያልመጣላት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ነው።»

ሜላት አባቷ የሄደ ወር በየቀኑ ትደውልለት ነበር። ከዚያ ተወችው። ይህን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለየኔታ የሰጠሁት መልስ «ይህ አሰልጣኝን አይመለከትም» የሚል ነበር። ልጄን በመኪና ውስጥ «ስለ አባትሽ ለየኔታ ነግረሻቸዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አልነገርኋቸውም» አለች። አላመንኋትም። አንድ ሰው ኳስ ካለመጥራት ተነሥቶ እዚያ ሊደርስ እንደሚችል አልታየኝም፤ እኔ ከሠንጠረዥ ተነሥቼ የት የት እንደምደርስ እያወቅሁ።

በሳምንቱ ዝናብ መጣ። የኔታ ልጆቹን ጣሪያ ወደ ተመታለት ቤት ሲያስገቡ፣ የማይለያቸውን ሰማያዊ ደብተር «ይያዙልኝ፣ እንዳይርስ» ብለው ጃንጥላዬ ሥር ሰጡኝ። ገለጥሁት። ማንም ሰው ይገልጠዋል አልልም፤ እኔ ገለጥሁት። የልጆች ስም በቅደም ተከተል ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት አንድ ቃል። ግእዝ። ግእዝ። ውርድ። ቁም። ሂድ። ሂጂ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ከስሞቹ ተነጥሎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበት፣ እንዲህ ይላል፦ «አስነጋሪ፦ ሜላት።»

ሦስት ዲግሪ አለኝ። በአማርኛና በሌሎች ሁለት ቋንቋዎች ጽሑፍ አሳትሜአለሁ። ቃሉን ለመተርጐም ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልፈጀብኝም። ነገረ፤ አስነገረ፤ አስነጋሪ። ሰው እንዲናገር የምታደርግ፣ ወሬ የምታወጣጣ። ልጆቹ ሲቸገሩ ወደ እሷ የሚመጡት ለዚህ ነው። የእኔም ቤት ምስጢር የወጣው በዚህ ነው። ሁሉም ነገር ገጠመ፤ ሁሉም ነገር ሲገጥምልኝ የተሳሳትሁ መሆኔን መጠርጠር እንዳለብኝ ለተማሪዎቼ የምነግረውን ለራሴ አልነገርሁትም።

ዝናቡ ሲያባራ ደብተሩን መለስሁላቸው።

«የኔታ፣ ልጄ አታስነግርም» አልኋቸው።

ደብተሩን አዩ፤ እኔን አዩ። ማየቴ ገባቸው። አልተቆጡም።

«ለማንም?»

«ለማንም። ለእርስዎም ለሌላም።»

«ትንሽ ናት ብለው ነው?»

«ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ላይ አይጣልም።»

«እውነትዎን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሸክም ነው። እኔ ትችለዋለች ብዬ ነበር።»

ይህ ለእኔ የእምነት ክህደት ቃል ነበር፤ ያመኑበት። «ሌሎቹ ልጆች ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንዴት አያውቁም! የመረጧት እነሱ ናቸው። ደስ ብሏቸው ነበር።»

«እርስዎ አያፍሩም?»

ደንገሉን መሬት ላይ አጋደሙት። ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ «እርስዎ» ማለትን ትተው ተናገሩኝ። «ልጄ፣ እናት ካልፈቀደች አይሆንም። አልፈቀድሽም፤ በቃ። አትቆጪ።»

ሜላት ከእኛ ስድስት እርምጃ ርቃ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። ቀና አላለችም። «ተነሽ፣ እንሂድ፤ ከእንግዲህ እዚህ አንመጣም» አልኋት።

«እሺ» አለች።

አካዳሚ አስገባኋት። ከፍተኛ ክፍያ፣ የተመሰከረለት አሰልጣኝ፣ የሚያሸንፍ ቡድን። ሠንጠረዡ ሞላ። ሜላት ዘጠኝ ቁጥር ሆነች። ሦስት ወር በሰው ሠራሹ ሣር ላይ ነፃ ቦታ ይዛ ቆመች፤ አልጠራችም፤ ማንም አላቀበላትም። በአራተኛው ወር ጫማዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ በካርቶኑ ውስጥ መልሳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ምክንያት አልሰጠችኝም። ሁለተኛ ነገርም አልጠየቀችኝም። ዓመቷ ዐሥራ አምስት ሆነ።

ወደ ልቅሶው የሄድሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ለምን እንደሄድሁ አሁንም በትክክል መናገር አልችልም፤ ምናልባት ማረጋገጥ ስለ ነበረብኝ ይሆናል። ድንኳኑ ዘንዘልማ ውስጥ፣ ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ ተተክሏል። አቶ በላቸው አዩኝ፤ ሸብተዋል። ምንም ቀልድ አልነበራቸውም። አጠገባቸው ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ የየኔታ ታናሽ ወንድም፣ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። አቶ በላቸው «የሜላት እናት ናቸው» ብለው አስተዋወቁኝ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «አስነጋሪዋ?»

ቃሉን ከአምስት ዓመት በኋላ ስሰማው ጆሮዬ ቀላ። በድንኳን ውስጥ፣ በሟች ወንድም አፍ፣ ያለ ኀፍረት።

«መሪጌታ» አልሁ፣ «ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይነግሩኛል?»

ለፈተና የምጠይቃቸው መሰላቸው፤ የተማረች ሴት ምን ነካት ብለው ይሆናል። ግን መለሱልኝ። «በቅኔ ቤት አስነጋሪ ማለት ከመምህሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ተማሪዎቹ የቆጠሩትን፣ አዲስ የደረሱትን ቅኔ ለእሱ ይነግሩታል፤ እሱ ሰምቶ ያርማቸዋል። መምህሩ ሲታመም ጉባኤውን ይይዛል። ከመቶ ተማሪ አንዱ ነው። ሌላው ሲጨርስ ይሸኛል፤ አስነጋሪ አይሸኝም። ወንድሜ 'በኳሱ ትምህርት ቤት አንድ አስነጋሪ ብቻ አገኘሁ፣ እሷንም እናቷ አልፈቀዱልኝም' ብሎኝ ነበር።» ከዚያም በጨዋነት ጨመሩ። «መቼም እናት ናት፤ የምታውቀው ይኖራል።»

ከጎናቸው በፌስታል ውስጥ ሰማያዊ ደብተሮች ነበሩ። እንዳይ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ። «አስነጋሪ፦ ሜላት» ከሚለው ሥር በዚያው እጅ «እናት አልፈቀዱም» የሚል ተጨምሯል። የሰረዙት ነገር የለም። ከእሱ በኋላ አምስት ደብተሮች አሉ። በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ «አስነጋሪ፦» ይላል፤ ከሁለቱ ነጥብ ወዲያ ባዶ ነው። ሥራዬ በሰው ጽሑፍ ውስጥ የጎደለውን ቦታ መፈለግ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ክፍት ሆኖ የተተወ ቦታ አይቼ ግን አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ሜላት ሳሎን ተቀምጣ ታነብ ነበር። የኔታ ማረፋቸውን ነገርኋት። መጽሐፉን ዘጋችው።

«አስነጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂ ነበር?» አልኋት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» አለች። ድምፅዋ የእኔ ድምፅ ነው፤ ቀዝቃዛና ልክ። «'አታስነግርም' ብለሽ ነገርሻቸው እንጂ። እኔ እኮ ቃሉን ያወቅሽው መስሎኝ ነበር። ያወቅሽውና ለእኔ የማይገባኝ የመሰለሽ መስሎኝ ነበር።»

አምስት ዓመት ሙሉ ልጄ ይህን አምና ኖራለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት ግን በዚያ ቀን ነው። ሜላት ወደ መደርደሪያው እያየች፣ «ቅዳሜ ሜዳ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ይህ ነው።

የዱሮው ጫማ እንደማይበቃት ያወቅነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በሸራ ጫማ ሄደች። በመንገዳችን ላይ ሐይቁ ዳር አቁሜላት ወርዳ ደንገል ቆረጠች። ሜዳው ላይ ዐሥራ አራት ልጆች ነበሩ፤ አሰልጣኛቸው እንደሞቱ እያወቁ በሰዓታቸው መጥተው የሚያደርጉት አጥተው ቆመዋል። አብዛኞቹ አያውቋትም። ሜላት ወደ መሀል ገባች፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ኳሱን ለትንሿ ልጅ ሰጥታ በደንገሉ ጫፍ አመለከተቻት። «እዚህ ላይ። እዚህ ላይ።» ከዚያም ከሜዳው ዳር ለቆመው ልጅ፣ ከእሷ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ ጮኻ ተጣራች። «አቀብለኝ!»

እኔ ድንጋይ እለቅም ነበር። በወር አንድ ቅዳሜ ነው፤ ብዙ ቅዳሜ ውዝፍ አለብኝ።

አንዲት ወጣት እናት ወንድ ልጇን በእጇ ይዛ አጠገቤ ቆመች። በሌላ እጇ ስልኳን ይዛ ትጽፋለች። አለባበሷ የቢሮ ነው። «ይቅርታ፣ እርስዎ የዚህ ቡድን ወላጅ ነዎት?» አለችኝ። «ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ቡድኑም ሁልጊዜ ይሸነፋል ይላሉ። ደግሞ ያቺ ልጅ ናት እንዴ አሰልጣኟ?»

«አሰልጣኝ አይደለችም» አልኋት። «አስነጋሪ ናት።»

ሴትዮዋ ቃሉን በስልኳ ጻፈችው፤ ከፊቱም አንድ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

በእጄ የያዝሁትን ድንጋይ ኬሻው ውስጥ ጣልሁና፣ ሳትጠይቀኝ ነገርኋት።